ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው? የትራክተርና የመኪና ባትሪ አልሞላ ሲል ምክንያቱን ለይቶ ማወቂያ

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

መግቢያ

በመካነ ሰላምና በአካባቢው ባሉት የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ የማኅበር ትራክተር ወይም የጭነት መኪና ጧት አልነሣ ሲል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በባትሪው ላይ ይጣላል። «ባትሪው ሞቷል» ይባልና አዲስ ይገዛል። ጉድለቱ ከሌላ ቦታ ከሆነ ግን አዲሱም ባትሪ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደ አሮጌው ይደክማል። የማኅበሩ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ መኪናውም ማዳበሪያ በሚመላለስበት ወይም እህል በሚጫንበት ሰሞን ይቆማል። መለዋወጫው በአካባቢው ካልተገኘም በአቀስታ አድርጎ እስከ ደሴ መሄድ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ባትሪ ሳይመረመር እንዳይለወጥ አጥብቀን እንመክራለን። ምርመራውን በአንድ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ማንኛውም ጠንቃቃ ሾፌር ሊያደርገው ይችላል።

የኃይሉ አመጣጥ

ባትሪ እንደ ጎተራ ነው፤ ያስቀምጣል እንጂ አያመርትም። የሚያመርተው በቺንጊያ አማካይነት ከሞተሩ ጋር የሚዞረው አልተርኔተር ነው። አልተርኔተር በመኪና ላይ በሰፊው መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ክራይስለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በቫሊያንት መኪናው ላይ ከገጠመው ወዲህ ነው። በአገራችን ጋራዦች ግን በቀድሞው መሣሪያ ስም ዛሬም ዲናሞ ይባላልና እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ከዲናሞው የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ለባትሪ እንዲስማማ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልሱት ዳዮዶች ናቸው፤ ቮልቱን የሚወስነው ደግሞ ሬጉሌተር ነው።

ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሣ ከጎተራው ብዙ ይወስዳል፤ ዲናሞውም መልሶ ይሞላል። የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ይህ የጎተራው ጥፋት አይደለም።

ደጋው ለምን ይከብዳል?

በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል። ሙቀቱ ወደ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ባትሪው በሞቃት ቀን ከሚሰጠው ኃይል ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ከዚህም በላይ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ሲታመቅ የሚፈጥረው ሙቀት ያንሳል፤ ሞተሪኖውም ረዘም ላለ ጊዜ መዞር አለበት። በዐባይ በረሃ ሳይታወቅ የቆየው የሙሌት ጉድለት በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት በደጋው ላይ የሚገለጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ቁጥሮቹ ለ12 ቮልት ባትሪ ናቸው። ባለ 24 ቮልት በሆኑ መኪኖች በተራ ቁጥር 3፣ 4 እና 5 የተጻፉት ቮልቶች በእጥፍ ይታሰባሉ።

1. በዓይንና በእጅ፦ ሞተሩ ጠፍቶ የቺንጊያው ረጅም ክፍል መሐሉ ላይ በአውራ ጣት ይጫን። ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጎብጥ ደኅና ነው። ከላላ ይወጠር፤ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። የባትሪው ራሶች ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካወጡ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ይታጠቡና በደንብ ይጥበቁ። ከባትሪው ወደ ሻንሲና ወደ ሞተር የሚሄደው ገመድም ይታይ።

2. የዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት፦ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ሲከፈት ካልበራ አምፖሉ ወይም ወደ ዲናሞው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተበላሽቶ ይሆናል። ሞተሩ እየሠራ ካልጠፋ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ፈዝዞ የሚበራ ከሆነ ዳዮድ ሊጠረጠር ይገባል።

3. ያረፈ ባትሪ፦ ተሽከርካሪው ካደረ በኋላ ጧት ከመነሣቱ በፊት ይለካ። 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ነው።

4. በሚነሣበት ጊዜ፦ ባትሪው 12.4 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ፣ ባትሪው ደካማ ነው ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው።

5. ሞተሩ ሲሠራ፦ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት እየሠራ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መገኘት አለበት። የፊት መብራት ሲበራም ከ13 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ቺንጊያው፣ የዲናሞው ካርቦን፣ ዳዮዱ ወይም ሬጉሌተሩ ይመርመር። ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀውም ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል። በአዳዲስ መኪኖች ቮልቱን ኮምፒዩተር ስለሚለዋውጠው የአምራቹ መመሪያ ይታይ።

6. ገመዶች፦ ሞተሩ እየሠራና መብራቱ በርቶ፣ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በዲናሞው መውጫ፣ ሌላው በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ ይደረግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ በመንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ገመዱና ማሰሪያው ይስተካከል። በዲናሞው አካልና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከልም እንዲሁ ሲለካ ከ0.2 መብለጥ የለበትም።

7. ሌሊት የሚፈስ ኃይል፦ ሙሌቱ ደኅና ሆኖ ባትሪው አድሮ የሚደክም ከሆነ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ ኔጌቲቩ ይፈታና አምፔር መለኪያ በመካከል ይግባ። ጥቂት ደቂቃ ተቆይቶ ከ0.05 አምፔር በላይ ካሳየ ፊውዞቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ የሚስበው መስመር ይፈለግ። መለኪያው በመካከል ሳለ ሞተሩን ለማስነሣት አይሞከር።

ባትሪው የሚፈረድበት መቼ ነው?

ከላይ ያሉት ሁሉ ደኅና ሆነው፣ ባትሪውም በቻርጀር በሚገባ ተሞልቶ፣ ካደረ በኋላ ቮልቱ ሲወርድ ነው። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የአሲዱ ክብደት በሃይድሮሜትር ይለካ። በተሞላ ባትሪ ከ1.26 እስከ 1.28 ይሆናል። ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ በ0.05 ካነሰ ያ ክፍል ተበላሽቷልና ባትሪው ይለወጥ።

ጥንቃቄ

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አይፈታ። ይህ ዲናሞን መፈተኛ ተደርጎ ይሠራበታል፤ ነገር ግን ዳዮዶችን ያቃጥላል። በሚሞላ ባትሪ አጠገብ ሲጋራ አይጨስ፣ ክብሪት አይጫር፤ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ሲፈታ ኔጌቲቩ መጀመሪያ፣ ሲታሰር መጨረሻ ይሁን። የጎደለው በተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይሞላ፤ የምንጭ ውሃና ተጨማሪ አሲድ አይጨመር። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ዓይን ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይኬድ።

ሥራ ፈትቶ የሚቆም ትራክተር

ባዶ ሆኖ የሚቆይ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ ጠጣር ሰልፌት ያበጅና ኃይል የመያዝ ችሎታውን ያጣል። ከእርሻ እስከ አጨዳ የሚቆም ትራክተር ኔጌቲቩ ተፈትቶ ይቀመጥ፤ ባትሪውም በየወሩ ይለካ፣ ከ12.4 ከወረደ ይሞላ።

እያንዳንዱ ማኅበር አንድ ቴስተርና አንድ መዝገብ እንዲኖረው እንመክራለን። በመዝገቡ ቀኑ፣ ያረፈው ባትሪ ቮልትና ሞተሩ ሲሠራ የተገኘው ቮልት ይጻፍ። ባትሪ ይገዛ ሲባል የማኅበሩ ኮሚቴ አስቀድሞ ይህን መዝገብ ይጠይቅ።