ሥጋው ሳይደርቅ፦ ሕያው ህብረ ሕዋስን የሚያሳዩ ማይክሮስኮፖችና የፓቶሎጂ ባለሙያው

የፓቶሎጂ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው ሕዋስ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሞተ ሕዋስ ነው። ከሕመምተኛው አካል የተቆረጠው ሥጋ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይነከራል፤ በውስጡ ያለው ውኃ በአልኮል ይወገዳል፤ በቦታው የቀለጠ ፓራፊን ሰም እንዲገባ ይደረጋል። ከዚያም ሰሙ ሲጠነክር ከ3 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ባላቸው ስስ ቅጠሎች ይቆራረጣል፤ በመጨረሻም ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን በተባሉ ሁለት ቀለሞች ይቀለማል። ኑክሊየሱ ሐምራዊ፣ የተቀረው የሕዋሱ ክፍል ደግሞ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ይህ አሠራር ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ከባድ ጥያቄ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በአብዛኛው የሚመልሰው ይኸው ሮዝና ሐምራዊ ቅጠል ነው።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም፣ ምንም ባልጎደለበት ቤተ ሙከራ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ለኩታበር ነዋሪ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቀዋለች። ናሙናው እዚያ የማይነበብ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ሌላ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ይጨመራል። አርሶ አደሩ ናሙና ለመስጠት አንድ ቀን፣ ውጤት ለመስማት ሌላ ቀን ከእርሻው ይቀራል፤ መጓጓዣና ማደሪያም ይከፍላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ «ናሙናው ለምርመራ በቂ አይደለም» የሚል ወረቀት ሲደርሰው ነው። ይህ የሚያጋጥመው ሐኪሙ ስላላወቀበት ብቻ አይደለም፤ ከላይ በዓይን ሲታይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ቁስል ከሥር በየቦታው የተለያየ በመሆኑ ጭምር ነው።

ታዲያ ሥጋውን ሳይቆርጡ፣ ወይም ቆርጠው ሳያደርቁ፣ ሕዋሱን ማየት አይቻልም ወይ? ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል፣ ከዚህም ውስጥ ለእኛ አካባቢ የትኛው እንደሚበጅ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በክረምት ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሀረጎን ዳገት በጉም ውስጥ የወጣ ሰው የችግሩን ፊዚክስ ሳያውቀው ተምሮታል። የመኪናው መብራት ሲበራ መንገዱ በመታየት ፈንታ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ጉሙ ብርሃኑን ውጦ አላስቀረውም፤ እያንዳንዷ የውኃ ነጠብጣብ በየአቅጣጫው በተነችው እንጂ። ወደ ሾፌሩ ዓይን የሚመለሰው ብርሃን ከቅርብም፣ ከመካከልም፣ ከሩቅም ካሉ ነጠብጣቦች ተደባልቆ ስለሚመጣ መንገዱ በመካከሉ ይጠፋል። ሕያው ሥጋም እንደዚሁ ነው። የሕዋሱ ሽፋን፣ ኑክሊየሱና ኮላጅን የተባለው የቆዳ ክር ብርሃንን በተለያየ መጠን ይሰብራሉ፤ በመሆኑም ብርሃኑ ጥቂት እንደተጓዘ ይበተናል። ሥጋው በስስ ቅጠል የሚቆረጠው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ጉሙን በመቀነስ።

ቅጠል ሳይቆረጥ ይህን ማድረግ የሚቻልበትን ብልሃት ያገኘው ማርቪን ሚንስኪ ነው። ኋላ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥናቱ ዝናን ያተረፈው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ያስገባው ኮንፎካል ለሚባለው ማይክሮስኮፕ ነበር። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። ብርሃኑ በምስሪት አማካይነት በሥጋው ውስጥ በአንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያች ነጥብ የሚመለሰው ብርሃን የመርፌ ጫፍ በማታህል ቀዳዳ በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ከነጥቡ በላይና በታች ካለው ጉም የሚመለሰው ግን በቀዳዳው ዙሪያ ባለው ግድግዳ ላይ ይቀራል። ነጥቧ በሥጋው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትመላለስ አንድ ሙሉ ምስል ትሥላለች። ምላጭ ያልነካው ቅጠል ተገኘ ማለት ነው።

ሐሳቡ በሰው ቆዳ ላይ ፍሬ ያፈራው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሚሊንድ ራጃድያክሻና ባልደረቦቹ ምንም ቀለም ሳይጠቀሙ የሕያው ሰው ቆዳ ሕዋሳትን አሳዩ። ለቆዳ የሚያገለግሉት መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 830 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው፣ ለዓይን የማይታይና ኃይሉ አነስተኛ የሆነ ሌዘር ይጠቀማሉ። ጥልቀታቸው ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ትንሽ ቢመስልም የላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ የታችኛውን ጫፍ ለመንካት ይበቃል። በዚህ ምስል ውስጥ ደም በቀጫጭን ሥሮች ሲፈስ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም በግድግዳው ላይ ሲንከባለሉ ይታያል፤ በሰም በተሞላው ቅጠል ላይ ይህን የመሰለ ነገር ማየት ፈጽሞ አይቻልም።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በዚህ ዘዴ እጅግ አብርቶ የሚታየው ሜላኒን፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረው ንጥረ ነገር ነው፤ ብርሃንን የመስበር መጠኑ ወደ 1.7 ሲጠጋ በዙሪያው ያለው ግን ከ1.34 ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በጥቁር ቆዳ ላይ የላይኛው ሽፋን መሠረት የሆኑት ሕዋሳት እንደ ብሩህ ቀለበት ተደርድረው ይታያሉ። ይህ ለአንባቢው ጥሩ ምልክት ነው፤ በዚያው ልክ ግን ወደ ታች የሚወርደው ብርሃን ይቀንሳል። በነጭ ቆዳ ላይ የተዘጋጀን የምስል መድበል ይዞ የኢትዮጵያዊን ቆዳ ማንበብ እንደማያዋጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በምሳሌነት ቁንጭርን እንውሰድ። ይህ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ በሽታ የሚመጣው በአገራችን በአመዛኙ ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ በተባለ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ በገደልና በዋሻ ከሚኖረው ሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የደቡብ ወሎ ደጋም ከዚህ ነፃ አይደለም። ከደሴ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውና በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እነዚህን ሕመምተኞች ሲያክም ቆይቷል። የተለመደው ምርመራ ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ተፍቆ፣ ጊምሳ በተባለ ቀለም ተቀልሞ፣ አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ተውሳኩን መፈለግ ነው። ኮንፎካሉ ይህን ይተካል ወይ? አይተካም እንላለን። ተውሳኩ ከ2 እስከ 4 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው፤ መሣሪያው በጥልቀት አቅጣጫ የሚለየው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ተውሳኩ የተደበቀውም በታችኛው ቆዳ፣ ማክሮፌጅ በተባሉ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ነው። መሣሪያው ሊያሳይ የሚችለው እብጠቱ የት ላይ እንደተጠናከረ ነው። ስለሆነም የሚፋቀውን ወይም የሚቆረጠውን ቦታ በመምረጥ ረገድ ሊረዳ ይችላል፤ ተውሳክ የለም ብሎ ለመፍረድ ግን አይበቃም። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚያደባልቁት እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው።

ከቆዳ ወደ ውስጥ ስንገባ መሣሪያው መቅጠን አለበት። በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነችው ርብቃ ሪቻርድስ-ኮርተም ከሥራ ጓደኞቿ ጋር የሠራችው መሣሪያ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ገመድ ውስጥ ሠላሳ ሺህ ያህል የመስታወት ክሮችን የያዘ ነው። በማኅፀን በር ላይ ፕሮፍላቪን የተባለ ቀለም ይቀባል፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ኑክሊየሶቹ ይፈካሉ፤ የገመዱ ጫፍ ሲነካቸውም በኮምፒዩተር ላይ ይታያሉ። የኑክሊየሱ መጠንና ጥግግት ወደ ካንሰር ለሚያመራ ለውጥ ዋና ምልክት ነው። በኢትዮጵያ የማኅፀን በር ካንሰር ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች በሁለተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል፤ ቅድመ ምርመራው ደግሞ በሰፊው የሚካሄደው አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን በማየት ነው። በዓይን የሚታየው ነጭ ነገር ሁሉ ግን ካንሰር አምጪ አይደለም። በዚህ ክፍተት ውስጥ እንዲህ ያለው ገመድ ቦታ አለው።

ሆኖም ምርጫው ለእኛ ቢተው ገንዘቡን በቅድሚያ የምናውለው በሌላ መሣሪያ ላይ ነው። ሕመምተኛው ላይ የሚያርፍ ሳይሆን፣ ገና ከአካሉ የወጣውን፣ ፎርማሊን ያልነካውን ሥጋ የሚያይ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሪቻርድ ሌቨንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በሰፊው የገለጹት ይህ ዘዴ ሚዩዝ ይባላል። ሥጋው በሚፈካ ቀለም ውስጥ ለአጭር ጊዜ፣ ለደቂቃ ያህል ይነከርና ይታጠባል፤ ከዚያም በጎን በኩል 280 ናኖ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ከሐምራዊ በላይ የሆነ ጨረር ይበራበታል።

የዚህ ዘዴ ውበት በፊዚክሱ ላይ ነው። ይህ ጨረር ሥጋ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ሜትር ገደማ በላይ አይዘልቅም፤ ፕሮቲኖችና ሌሎች የሕዋሱ ንጥረ ነገሮች ወዲያው ይውጡታል። ስለዚህ የሚፈካው ላይኛው ስስ ገጽ ብቻ ነው። ጉሙ አልተወገደም፤ መብራቱ ወደ ጉሙ እንዳይገባ ተደረገ እንጂ። ሌዘር አያስፈልግም፤ ነጥብ የምታመላልስ ተንቀሳቃሽ መስታወትም አያስፈልግም። ሌላም ያስደሰተን ነገር አለ፦ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ የማይክሮስኮፑ ምስሪት ራሱ ማጣሪያ ይሆናል። የሚፈካው የሚታይ ብርሃን ያልፋል፤ ጨረሩ ይቀራል። ቀሪው ዕቃ የብርሃን ዳዮድ፣ ተራ ምስሪትና ካሜራ ነው። ይህን ገጣጥሞ መሥራት ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራንና ተማሪዎች ከአቅም በላይ ነው ብለን አናምንም።

ዋጋው ርካሽ፣ ጥገናውም እዚሁ የሚቻል መሆኑን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። በመቶ ሺህ ዶላር የሚገዛና ባለሙያ ከውጭ ካልመጣ የማይጠገን መሣሪያ ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ለመተካት ዓመታት ይፈጃል።

የፓቶሎጂ ባለሙያው ግን አዲስ ዓይን ማሠልጠን ይኖርበታል። የለመደው ቅጠል ከላይ ወደ ታች የተቆረጠ፣ ሮዝና ሐምራዊ ነው። ኮንፎካሉ የሚሰጠው ከቆዳው ገጽ ጋር ትይዩ የሆነ ቅጠል ሲሆን፣ ቀለሙ ግራጫ ነው፤ ኑክሊየሱም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ሕመምተኛው ሲተነፍስም ምስሉ ይርገበገባል። የሚዩዝን ምስል በኮምፒዩተር ሮዝና ሐምራዊ ማድረግ ይቻላል፤ ቢሆንም በስስ ቅጠል ፈንታ የሥጋው ገጽ ስለሚታይ ጎድጎድና ጉብ ያለው ሁሉ ይወጣል። ይህ አንዳንዴ ተጨማሪ መረጃ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ያሳስታል።

ሥልጠናውን ቀላል የሚያደርገው ናሙናው አለመጥፋቱ ነው። በሚዩዝ የታየው ቁራጭ እንደተለመደው ወደ ፎርማሊንና ወደ ሰም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ጠዋት በአዲሱ መሣሪያ ያየውንና አስተያየቱን የጻፈበትን ሥጋ፣ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ በቀድሞው ቅጠል አይቶ ራሱን ማረም ይችላል፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ለሕመምተኛው የሚነገረው ውጤት የቅጠሉ ብቻ ይሆናል። ሁለቱ አንባቢዎች እየተስማሙ ሲሄዱ የመጀመሪያው ጥቅም ላይ የሚውለው «ናሙናው በቂ ነው ወይስ ሌላ እንቁረጥ?» ለሚለው ጥያቄ ነው፤ ይህም ሕመምተኛው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ወደ ኩታበር ከመመለሱ በፊት፣ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ጨረሩ ዓይንንና ቆዳን የሚጎዳ በመሆኑ መሣሪያውን የሚሠሩት ተማሪዎች ሣጥኑ ሲከፈት መብራቱ ራሱ የሚጠፋበትን ማብሪያ ከሁሉ አስቀድመው ይግጠሙ።