ምዕራፍ 4፦ ከ«አብሽር» በፊት

አንድ ወታደር ከግዳጅ ተመልሶ ኮምቦልቻ እናቱ ቤት ተቀምጧል እንበል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አቦሉ ተቀድቷል። እሱ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን የሚያይበት ቦታ መርጧል። ከመንገዱ የአንድ የጂቡቲ ተሳቢ ፍሬን «ጢስስ» ሲል ስኒው ከእጁ ያመልጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል። እናቱ ደንግጠው «አብሽር ልጄ፣ ምንም የለም» ይሉታል። አፍሮ ወደ ጓዳ ይገባል።

ይህ ልጅ አልፈራም፣ አላበደም። ሰውነታችን ከሐሳብ የሚቀድም የማንቂያ ደወል አለው። ሲያቃጭል ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ዓይን ይነቃል። ምሽግ ውስጥ ሕይወቱን ያተረፈለት ይኸው ደወል ነው፤ ቤቱ ገብቶም አልዘጋ ሲል ግን ሕመም ይሆናል። ቅዠቱ፣ ብርገጋው፣ ያንን ቀን ከሚያስታውስ ነገር ሁሉ መሸሹ ከአንድ ወር አልፎ ኑሮውን ካወከ፣ ሐኪሞች ድኅረ አደጋ ጭንቀት ይሉታል። ይታከማል።

ጽናት ከማን ይገኛል?

«ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባልን ስላደግን ጽናት ማለት ሁሉን ዋጥ ማድረግ ይመስለናል። ወታደር ግን የሚጸናው በጓዱ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ አንድም ሰው ሳይማረክበት ተመልሷል። «ብወድቅ ጓዴ ያነሳኛል» ያለ ሰው ፍርሃቱን ይችለዋል። አዛዡ እንቅልፍን በፈረቃ ሲያስከብር፣ የግዳጁን ምክንያት ሲያስረዳ፣ «ጨነቀኝ» ያለውን ሳያዋርድ ለሐኪም ሲልክ ይህን እምነት ያጠነክረዋል።

ይህ የጓድነት ክር የሚበጠሰው በመለያየት ነው። በ1983 ዓ.ም. ከ400 ሺህ በላይ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ሲበተኑ እያንዳንዱ ወደየቀዬው ሄደ፤ ያየውን አብሮት ያየ ሰው ከጎኑ አልነበረም።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሸክሙ ድርብ ነው። ከተሞቹ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው፣ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት ኃይሎች ተመልሰዋል። ተመላሹን የሚቀበለው ሰው ራሱ ተኩስ የሰማ፣ የተፈናቀለ ወይም ሐዘን የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህ መደጋገፍ ከሁለቱም ወገን ነው።

ጓድ የሚሆን ቤት

ወሎ ለዚህ የሚሆን ነገር አያጣም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው ቀብር የሚወጡበት ቅሬ አለ። ድንኳን ሲተከል ያንን ልጅ ጥሩት፤ ካስማ ይምታ፣ አግዳሚ ይሸከም። የሚፈለግበት ቦታ እንዳለ በእጁ ያውቀዋል።

ቡናውም አለ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ መናገር ከፈለገ ይናገራል፣ ካልፈለገ ዝም ብሎ ይጠጣል። በግድ ማስተረክ ሊጎዳው ይችላል። «ስንት ገደልክ?» የሚባል ጥያቄ ከቤታችሁ ይውጣ። ከኋላ መጥታችሁ ትከሻውን አትንኩት። የመኝታው ሰዓት አይዛነፍ፤ ጫትና አረቄ እንቅልፉን ስለሚሰርቁት ይቀንስ። ደወሉ ሲያቃጭል አየሩን ካስገባበት በላይ አርዝሞ፣ ቀስ ብሎ ያስወጣ።

ካልተሻለው ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስለ መሞት ካወራ ግን ነገ አትበሉ፦ ብቻውን አትተዉት፣ መሣሪያ አርቁ፣ በዚያው ቀን ውሰዱት።

አሁን ወደዚያ ቡና እንመለስ። እናቱ በሩን የሚያየውን ቦታ ለልጃቸው ትተውለታል። ተሳቢው ሲያልፍ ስኒው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው «ምንም የለም» አይሉም፤ ደወሉን የሰማው እሱ ነውና። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መኪና ነው ልጄ። ኮምቦልቻ ነህ። እኔም እዚሁ ነኝ» ይሉታል፤ ትንፋሹ እስኪመለስም ይጠብቃሉ።

«አብሽር» ከዐረብኛ የመጣ፣ የምሥራች ያለበት ቃል ነው። እናቱ ቶናውን እየቀዱ ያን ጊዜ ይበሉት።