ቁልቁለቱ የሚመልሰው ኃይል

በከፋ ዞን ወዳለችው ቢታ ገነት ባቡር አልደረሰም። ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በታቀደው የብሔራዊ ባቡር መረብ ውስጥ ከአዲስ አበባ በኢጃጂና በጅማ አድርጎ ወደ ጉራፈርዳና ዲማ የሚዘልቅ መስመር ነበር፤ ወረቀት ላይ ቀረ። ከፋን ከኤሌክትሪክ ባቡር ጋር ያገናኘው ውኃ ነው። ጎጀብ ከዞኑ ተራሮች ወርዶ ኦሞን ይቀላቀልና የግልገል ጊቤ 3ን ተርባይኖች ያዞራል፤ ግድቡ እስከ 1,870 ሜጋዋት የሚያቀብለው ብሔራዊ መረብ ደግሞ ባቡሮቻችንን ይነዳል። ታዲያ ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ከወሰደው ኃይል ስንቱን ይመልሳል?

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ምንም አይመልስም ነበር። በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ሲጓዝ የቁልቁለቱ ጉልበት ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋ ነበር። ጣሊያኖች ግን እ.አ.አ. ከ1910 ጀምሮ በጆቪ ተራራ መስመር ከሚወርደው ባቡር ኃይል ወደ ሽቦው ይመልሱ ነበር፤ በባለሦስት ፌዝ ሞተር ስለሚሠሩ የፍጥነት ምርጫቸው ጠባብ ነበር። ይህን እስር የፈታው የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ መጀመሪያ ታይሪስተር፣ ቀጥሎ አይጂቢቲ የሚባሉት የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያዎች። ሞተሩ በሰፊ የፍጥነት ክልል ጄኔሬተር መሆን ቻለ።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በ25 ኪሎቮልት ተለዋጭ ጅረት ይሠራል። በእንዲህ ዓይነት መስመር የተመለሰው ኃይል በትራንስፎርመሩ አልፎ ወደ መረቡ መግባት ይችላል። አንድ ቶን 1,000 ሜትር ሲወርድ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይለቃል፤ መስመሩ ደግሞ ከደጋው እስከ ባሕር ጠርዝ ይወርዳል። ችግሩ ንግዳችን ነው፦ ከባዱ ጭነት፣ ማዳበሪያውና ስንዴው፣ ሽቅብ ይወጣል፤ ቁልቁል የሚሄደው ቀላሉ ነው። ሒሳቡን የሚያሻሽለው እንደ ቡና ያለ ወጪ ምርት ነው።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነገር ይለያል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። በተለመደው የቀጥተኛ ጅረት ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ዳዮድ ኃይልን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ አንዱ ባቡር ፍሬን ሲይዝ የሚለቀውን ሌላ የሚነሳ ባቡር በአቅራቢያው ካልተቀበለው፣ ትርፉ በሬዚስተር ይቃጠላል። ከተገዙት 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ከቆሙ ወዲህ ተቀባዩም ሳሳ። የመለዋወጫ እጦት የመንገደኛውን ሰልፍ ብቻ አላረዘመም፤ የቀሩትን ባቡሮች የኃይል ቁጠባም ሸረሸረ።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም፦ በጣቢያው ኃይሉን ወደ መረቡ የሚመልስ ኢንቨርተር መትከል ወይም ትርፉን በባትሪ ማቆየት። ቶኪዮ ሜትሮ እ.አ.አ. በ2012 የሞከረው ከሲሊከን ካርባይድ የተሠራ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ብክነቱን ይበልጥ ይቀንሳል፤ ለእኛ ግን ቅድሚያው እሱ አይመስለኝም። የጅማው መስመር እንደገና ከታሰበና ወደ ከፋ ከቀጠለ፣ ባቡሩ የጎጀብን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ሊኖርበት ነው። ያኔ ውሉ ላይ ከሎኮሞቲቩ ዋጋ ጎን የማከፋፈያ ጣቢያው ተመላሽ ኃይል የመቀበል ግዴታ ይጻፍ።