ሕዝቡ «እስኪበቃ» ድረስ
ሰሞኑን ጎፋ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ «የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ማን ጻፈው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። አብዛኞቹ «ጃንሆይ» አሉ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የፈረሙት በእርግጥ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው 55ቱን አንቀጾች ያረቀቁት ግን ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ።

አንቀጽ 32ን ልብ ይሏል። ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ ለጊዜው፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ ይላል። መቼ ነው የሚበቃው? መብቃቱንስ ማን ይመሰክራል? አንቀጹ መልስ የለውም። ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት፣ ከ24 ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ በሕግ ላይ «ለጊዜው» የሚል ቃል ስናይ «እስከ መቼ?» ብለን እንጠይቅ።