ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ቀትር ላይ፣ አዳማ መሀል ባጃጅና ሚኒባስ በተጋፉበት ማርሽ አልገባ ሲል ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይረግጠዋል። ማርሹ ‹‹ክርርር›› ብሎ ይገባል፤ ጉዞው ይቀጥላል። ይህ ደጋግሞ መርገጥ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሲደጋገም የሚገባ ማርሽ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን ዘይቱ በሚሄድበት መስመር ላይ መሆኑን ይናገራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ካምቢዮ አስወርጄ ደህናውን ዲስክ አስቀይሬያለሁ። በማግስቱ ማርሹ ያው አልገባ አለ። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ቀለበት የምታህል ጎማ ነበረች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ይገፋዋል። ዘይቱ ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፓምፕ ይደርስና ዘንጉን ይገፋል፤ ዘንጉ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ዲስኩም ከሞተሩ ይላቀቃል። ዘይት አይታመቅም፣ አየር ግን ይታመቃል። ስለዚህ መስመሩ ውስጥ ትንሽ አየር ከገባ የእግርዎ ጉልበት አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። በሁለቱም ፓምፖች ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ የምንለው ጎማ ነው፤ ባረጀ መኪና ላይ ቀድሞ የሚደክመውም እሱ ነው። ዘይቱ ራሱ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል፣ ፓምፑንም ከውስጥ ያዝገዋል።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ኮፈኑን ከፍተው የዘይቱን መጠን ይዩ። ጎድሎ ከሆነ የሄደበት ቦታ አለ። ከፔዳሉ ጀርባ ምንጣፉን ገልጠው ይዳስሱ፤ ከረጠበ የላይኛው ፓምፕ ነው። ታች፣ የዘንጉን የጎማ ሽፋን ገለጥ ሲያደርጉ ዘይት ከወረደ የታችኛው ነው። የትም ሳይፈስ፣ ተረግጦ የተያዘ ፔዳል ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው ሌላ ሰው ፔዳሉን እንዲረግጥ ያድርጉና ዘንጉን ይመልከቱ። በደንብ እየተገፋ ማርሹ አሁንም ከተንጫረረ ካምቢዮው ይውረድ። ያኔ ሥራው የሹካው፣ የኩሽኔታው ወይም የዲስኩ ነው።

ሌላው ምልክት የዲስኩ መንሸራተት ነው። ከአዳማ በዴራና በኢተያ ወደ አሰላ ሲወጣ ከፍታው ከ700 ሜትር በላይ ይጨምራል። እዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት ካልጨመረ ዲስኩን ይጠርጥሩ፤ ለዚህ ፓምፕ መቀየር ብቻውን አይበቃም።

ፓምፑ ሲፈታ ውስጡን በጣት ይዳስሱት። ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒ መቀየር ይበቃል፤ ከተጫረ ወይም ዝገት ከበላው አዲሱ ጎሚኒም ብዙ ስለማይቆይ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። እጥበቱ በፍሬን ዘይት እንጂ በቤንዚንም በናፍጣም አይሁን፤ ሁለቱም ጎማውን ያሳብጡታል። የሞተር ዘይት መጨመርም እንዲሁ ነው። አቅም ካለ ሁለቱንም ፓምፖች አንድ ላይ ማደስ ይሻላል፤ የላይኛው ብቻ ሲታደስ የደከመው የታችኛው ብዙም ሳይቆይ ሊያፈስ ይችላል።

አየር ሲወጣ አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው ታች ያለውን ማስወጫ ብሎን ላላ ያደርግና አረፋ ያለው ዘይት ሲወጣ መልሶ ያጠብቃል፤ ፔዳሉ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ በመሀል ላይኛው የዘይት ጣሳ ባዶ መሆን የለበትም። በአንዳንድ መኪኖች ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ከአንድ ጣሳ ስለሚቀዱ፣ የፍሪሲዮን ዘይት እያፈሰሰ ‹‹እስከ ሞጆ ያደርሰኛል›› ብሎ መነሳት የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ጣሳው ላይ የዘይቱን ልክ በማርከር ያስምሩና ከሳምንት በኋላ ኮፈኑን ከፍተው ይዩት።