ከስሙ ጎን የጎደለው አምድ

ትምህርት ቤቶች ኢዮቤልዩ ሲያከብሩ የታወቁ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ስም በሰሌዳ ጽፈው ይሰቅላሉ። ሚኒስትሩ፣ ጄኔራሉ፣ ደራሲው፣ ሯጩ ይደረደራሉ። እኔ የአንድ ክፍለ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሬከርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ፊት ስቆም ዓይኔ ስሙን አልፎ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ልጁ ከየት መጣ? ስንተኛ ክፍል ገባ? መሸኛ ወስዶ ወዴት ሄደ?

ስም ብቻውን የልጁን ጉዞ እንደማይናገር ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትን የመሰለ ማስረጃ የለኝም። ትምህርት ቤቱ በ1946 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የተሰየመው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር በጎጃም በኩል በዘመተው የጌዴዎን ጦር መሪ፣ በኦርድ ዊንጌት ነው። ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ ስሙ ሲነሳ ግን አሁንም የሚታወሱት የቀድሞ ተማሪዎቹ ናቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በዓሉ ግርማ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ መለስ ዜናዊ።

የጸጋዬን ጉዞ እንይ። ገና አምቦ አንደኛ ደረጃ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታይቶለታል። ዊንጌት የተቀበለው እንግዲህ ተውኔት ጽፎ ለመድረክ ያበቃ ልጅ ነበር። ከዚያም ወደ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተሻገረ። ሦስቱም ትምህርት ቤቶች «የእኛ ልጅ» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ የአምቦ ድርሻ ግን ከሁሉ አንሶ ሲነገር ቅር ይለኛል። በዓሉም ከኢሉባቦር መጥቶ ዊንጌት የገባው ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት ተምሮ ነው። መለስን ዓድዋ የንግሥተ ሳባ ትምህርት ቤት አስተምሮ ልኮታል።

ይህን የምለው የዊንጌትን ክብር ለመቀነስ አይደለም። ዊንጌት ያደረገውን አንድ ትልቅ ነገር ሥራዬ በየቀኑ ያሳየኛል፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከዓድዋ የመጣ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ማን ቤት እንደሚያድር፣ እራቱን ማን እንደሚያበላው መጨነቅ አልነበረበትም። ስለ ዊንጌት ሲወራ እንግሊዛውያን መምህራኑ ቀድመው ይነሳሉ። እኔ ግን አልጋውንና ምግብ ቤቱን አስቀድማለሁ።

ምክንያቱም የእኛን ሮስተር አውቀዋለሁ። ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት ልጆቻችን ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው ለሳምንቱ የሚሆን ድርቆሽና ሽሮ ይዘው ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ሲያልቅ ዓርብ ከክፍል ይቀራሉ። መጀመሪያ የቀሪዎች መቆጣጠሪያው ላይ ምልክት ይበዛል፤ ቀጥሎ የሁለተኛው ሴሚስተር ውጤት ዝቅ ይላል፤ በመጨረሻ በስማቸው ትይዩ «አቋረጠ» ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ። በስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከወረዳው አንደኛ የወጣች ልጅ ስም ላይ ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። የቤት ኪራይ ስላቃታት ያቋረጠችውን ልጅ ሰነፍ የሚል ሰው ማኅደሯን ገልጦ አላየም።

ስለዚህ የእኛም ትምህርት ቤት የበዓል ኮሚቴ ስም ዝርዝር አውጪልን ሲለኝ ሁለት አምድ ጨምሬ ሰጠሁ፤ አንዱ ተማሪው ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰበት ትምህርት ቤት፣ ሌላው እኛ ዘንድ ሲማር ያደረበት ቤት። የመጀመሪያው ከማኅደር ይገኛል። ለሁለተኛው ባለታሪኮቹን በስልክ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አክስት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ጠላ የምትሸጥ አከራይ ቤት ብለው ነገሩኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰሌዳው ይጠባል፣ የሌላ ትምህርት ቤት ስምም ግድግዳችን ላይ ምን ይሠራል ብለው ተከራከሩኝ። ጋሼ፣ ሰሌዳውን እናስፋው አልኳቸው። አከራይዋ በሕይወት አሉና ለበዓሉ መጥሪያ ካርድ እንዲጻፍላቸውም ጠይቄያለሁ።