ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ቀዶ ሕክምናው ውሳኔ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን በየቤታችን ብዙ እናቶችና አባቶች ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ፥ «እርጅና ነው» ብለው ዝም ሲሉ እናያለን። ሌሎች ደግሞ በሕመሙ ተማርረው «ቶሎ ኦፕራሲዮን ልሁን» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ከመወሰናቸው በፊት የሕመሙን ምክንያት ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል በማለት ይህን አጭር ጽሑፍ በዘንድሮው መጽሔታችን አቅርበናል።

ጉልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት፥ በፊት በኩል ሎሚ የሚባለው አጥንት የሚከድነው ትልቅ መገጣጠሚያ ነው። የአጥንቶቹ ጫፍ በለስላሳ ቅርጭጭት ተሸፍኗል፤ በመካከላቸውም እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ጥቂት ፈሳሽ አለ። ቅርጭጭቱ እየሳሳ ሲሄድ ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላል፥ ይቈረጥማል፥ ያብጣል። ይህ በሽታ በሳይንስ ስሙ ኦስቲዮአርትራይቲስ ይባላል። ዕድሜ፥ የሰውነት ክብደት፥ የቀድሞ ጉዳትና ከቤተሰብ የሚወረስ ባሕርይ ለበሽታው ምክንያት ይሆናሉ።

የታመመ ጉልበት ከመጠን በላይ ፈሳሽ ያመነጫል። ፈሳሹም ወደ ኋላ ተገፍቶ በቋንጃ ሲጠራቀም ውሃ የቋጠረ እብጠት ይሠራል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም ሞራንት ቤከር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ዓ.ም. ስለዚህ እብጠት ስለ ጻፈ፥ እስከ ዛሬ «የቤከር ሲስት» ይባላል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም እብጠቱ የበሽታው ልጅ እንጂ አባቱ አለመሆኑ ነው። እብጠቱ ብቻ ተቈርጦ ቢወጣ ወይም በመርፌ ቢመጠጥ፥ ፈሳሹን የሚያመነጨው ጉልበት እስካልታከመ ድረስ ተመልሶ ሊሞላ ይችላል። ካላስቸገረም አይነካም። ባት በድንገት ቢያብጥና ቢያም ግን ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሳሸት አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። እብጠቱ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደምም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም።

ስለ ቀዶ ሕክምና ስንነጋገር ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ጉልበትን ማጠብና መጥረግ ነው። በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ 180 ሕመምተኞች በዕጣ በሦስት ተከፍለው፥ የአንዱ ክፍል ሰዎች ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋላቸው። ውጤቱ በ2002 ሲገለጥ፥ የታጠቡትም ሆኑ የተጠረጉት ቆዳቸው ብቻ ከተበጣው ሰዎች የተሻለ እፎይታ አላገኙም።

ሁለተኛው ያለቀውን መገጣጠሚያ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ነው። በ2015 በዴንማርክ የተደረገ ጥናት 100 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ጉልበታቸው ተተክቶ እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ግማሾቹ ያለ ቀዶ ሕክምና በእንቅስቃሴ፥ በአመጋገብና በማስታገሻ ተረዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተተካላቸው የበለጠ ተሻላቸው፤ ከባድ ችግር ግን በእነርሱ ላይ 24 ጊዜ፥ በሌሎቹ ላይ 6 ጊዜ ደረሰ። ካልተተካላቸው 50 ሰዎች መካከል በዚያ ዓመት ቀዶ ሕክምናን የመረጡት 13 ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ነገሩን በቅደም ተከተል መያዝን ነው። መጀመሪያ የጭን ጡንቻን ማጠንከር ይገባል፤ ለምሳሌ ከወንበር ላይ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፥ ወይም ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይጠቅማል። ክብደት የበዛበትም ሰው ይቀንስ፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያቃልላል። ይህ ሁሉ ለወራት ተሞክሮ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣና ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ፥ መተካቱን መፍራት አይገባም። ውሳኔው ግን በራጅ ፎቶግራፍ ብቻ አይሁን። ሕመምተኛው ሐኪሙን «ከዚህ በኋላ መንበርከክና መስገድ እችላለሁን? ለስንት ዓመት ያገለግለኛል? ምን አደጋ አለው?» ብሎ ይጠይቅ። በተተካ ጉልበት መንበርከክ ብዙዎችን ያስቸግራልና።

ተማሪዎችም ወላጆቻችንን «እርጅና ነው» ብለን አንተዋቸው። ወደ ሐኪም እንሸኛቸው፤ እንቅስቃሴውንም ማታ ማታ ከእነርሱ ጋር እንሥራ።